1,234,567,890ን መበርበር፦ ትልቅ ቁጥርን በወረቀትና በካልኩሌተር እንዴት ትመረምራላችሁ?

አስር አሃዝ ያለው ቁጥር ሰጥተው «በምን በምን ይካፈላል?» ቢሉን አብዛኞቻችን የምናደርገው ያው ነው። በ2፣ በ3፣ በ5፣ በ7፣ በ11 እያልን ካልኩሌተሩን መደብደብ። ነውር የለውም፤ ኮምፒውተሩም መጀመሪያ ላይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ግን ቁጥሩ ትልቅ ሲሆን ከሃያ ሙከራ በኋላ ሰው ይሰለቻል፣ ሲሰለች ይሳሳታል፣ መሳሳቱንም አያውቀውም።

ስለዚህ ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ሳታካፍሉ የሚታየውን እዩ፣ ቀጥሎ ትንንሾቹን አካፋዮች አራግፉ፣ የቀረውን ደግሞ ከታች ወደ ላይ ከመውጣት በፊት ከመሃሉ ሞክሩት። የምንሰራበት ቁጥር 1,234,567,890 ነው። ሁሉም ሰው በቃሉ ይይዘዋል፣ ውስጡ ያለውን ግን ብዙ ሰው አያውቅም።

ወረቀት፣ እስክሪብቶና አስር አሃዝ የሚይዝ ካልኩሌተር ያዙ። የስልካችሁ ይበቃል። ካልኩሌተሩ ስኩዌር ሩት ቢኖረው ደግሞ ሸጋ ነው።

ደረጃ 1፦ ጭራውን እዩ

መጨረሻው 0 ስለሆነ በ2ም በ5ም ይካፈላል። ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ብዙ ሰው የሚያልፈው ቀጣዩን ጥያቄ ነው፦ ስንት ጊዜ?

የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች ውሰዱ፣ 90። 90 በ4 አይካፈልም፣ ስለዚህ ቁጥሩ ውስጥ 2 ያለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። 90 በ25 አይካፈልም፣ ስለዚህ 5ም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚህች ትንሽ ነገር ሁለት ትልልቅ ድምዳሜ ይወጣል። አንደኛ፣ ቁጥሩ የሌላ ሙሉ ቁጥር ስኩዌር ሊሆን አይችልም፤ ስኩዌር ውስጥ እያንዳንዱ ብቸኛ ቁጥር በጥንድ ነው የሚመጣው፣ እዚህ ግን 2 ጥንዷን አጥታለች። ሁለተኛ፣ በ4 ሲካፈል 2 የሚተርፈው ቁጥር የሁለት ስኩዌሮች ልዩነት ሆኖ መጻፍ አይችልም። ይህችን ሁለተኛዋን ያዟት፣ ደረጃ 5 ላይ እንፈልጋታለን።

በነገራችን ላይ ብቸኛ ቁጥር ስል ብዙዎቻችን ፕራይም የምንለውን ነው፣ ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለውን።

ደረጃ 2፦ አሃዞቹን ደምሩ

1+2+3+4+5+6+7+8+9+0=45። 45 በ9 ይካፈላል፣ ስለዚህ ቁጥሩም በ9 ይካፈላል። ሦስተኛ 3 ይኖር ይሆን? ማለትም በ27 ይካፈል ይሆን? የአሃዝ ድምር ይህን አይነግረንም፣ ቀጣዩ ደረጃ ላይ እናየዋለን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። አስሩን አሃዞች እንደፈለጋችሁ ብታቀያይሯቸው ድምራቸው ያው 45 ነው። አደራደራቸው በጠቅላላ 3,628,800 ይሆናል፣ ሁሉም በ9 ይካፈላሉ። ስለዚህ አንድ ሰው «ከ0 እስከ 9 ያሉትን አሃዞች አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ተጠቅሜ ፕራይም አገኘሁ» ካላችሁ ቁጥሩን እንኳን ማየት አያስፈልጋችሁም።

ደረጃ 3፦ በግዕዝ ጻፉት

አዎ፣ በግዕዝ። ለጌጥ አይደለም። የግዕዝ አጻጻፍ ቁጥርን ሁለት ሁለት አሃዝ አድርጎ ነው የሚቆርጠው፣ ይህ ደግሞ ለምንሰራው ስራ ልክ ተሰፍቶ የመጣ ይመስላል።

ከቀኝ ጀምራችሁ ቁረጡ፦ 12፣ 34፣ 56፣ 78፣ 90። የመጨረሻው ጥንድ ምንም ምልክት አይከተለውም። ከእሱ በፊት ያለው ፻ ይከተለዋል፣ ቀጥሎ ያለው ፼፣ ከዚያ እንደገና ፻፣ ከዚያ እንደገና ፼። ሲገጣጠም ፲፪፼፴፬፻፶፮፼፸፰፻፺ ይሆናል። ግዕዝ የዜሮ ምልክት የለውም፣ 90 ግን የራሱ ፊደል ስላለው ችግር አይፈጥርብንም።

አሁን ፻ንና ፼ን ጣሏቸውና ጥንዶቹን ደምሩ፦ 12+34+56+78+90=270። እንደገና ቁረጡት፣ 2+70=72። መጣሉ የተፈቀደው ለምንድነው? 100 በ99 ሲካፈል 1 ይተርፋል፣ 10,000ም 1 ይተርፋል። ስለዚህ በ99 ለሚሰራ ሰው ፻ም ፼ም እንደ 1 ናቸው። 1,234,567,890 በ99 ሲካፈል 72 ይተርፋል ማለት ነው። 99 ደግሞ 9×11 ነው። 72 በ9 ይካፈላል፣ ደረጃ 2 ትክክል ነበር። በ11 ግን 6 ይተርፋል፣ 11 ከጨዋታ ውጭ።

ያንኑ ጥንዶች አሁን እየደመራችሁና እየቀነሳችሁ ሂዱ፦ 90−78+56−34+12=46። ይህ የ101 መፈተኛ ነው። 46 በ101 ስለማይካፈል 101ም ወጣ።

ቀጥሎ ኮማውን ተጠቀሙ። ኮማ ሦስት ሦስት አሃዝ ነው የሚቆርጠው፦ 1፣ 234፣ 567፣ 890። እየደመራችሁና እየቀነሳችሁ ከቀኝ ስትመጡ 890−567+234−1=556 ይሆናል። 1,001=7×11×13 ስለሆነ ይህች 556 ስለ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ትነግረናለች። በ7 ስትካፈል 3 ይተርፋል፣ በ13 ስትካፈል 10 ይተርፋል፣ በ11 ደግሞ 6። የ11ዱ ቀሪ ቅድም በግዕዝ ካገኘነው ጋር ገጠመ። እንዲህ ዓይነት መገጣጠም ስታገኙ ዝም ብላችሁ አትለፉት፣ በእጅ ስትሰሩ ስህተት የሚያዘው በዚህ ነው።

መቀነሱን ትታችሁ ሁሉንም ብትደምሩ ደግሞ 1+234+567+890=1,692፣ ከዚያ 1+692=693። 999=27×37 ነው። 693 በ27 ሲካፈል 18 ይተርፋል፤ ሦስተኛ 3 የለም። በ37 ሲካፈል 27 ይተርፋል፤ 37ም የለም።

እስካሁን ትልቁን ቁጥር አንዴም አላካፈልንም። 7፣ 11፣ 13፣ 37ና 101 ወጥተዋል፣ 2 አንድ ጊዜ፣ 3 ሁለት ጊዜ፣ 5 አንድ ጊዜ እንዳሉም አውቀናል።

ደረጃ 4፦ አራግፉ

2×3×3×5=90። 1,234,567,890÷90=13,717,421።

ይኸው፣ የቤት ስራችን ይህ ነው። በተለመደው መንገድ ብንሄድ ስኩዌር ሩቱ ወደ 3,703.7 ስለሆነ እስከ 3,703 ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች በሙሉ መሞከር ሊኖርብን ነው። ለምን እስከዚያ ብቻ? ቁጥሩ የሁለት ቁጥሮች ብዜት ከሆነ ሁለቱም ከስኩዌር ሩቱ ሊበልጡ አይችሉም፣ ትንሹ ከዚያ በታች መገኘት አለበት። እስከ 3,703 ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች ግን ከ500 በላይ ናቸው። ማን ነው በካልኩሌተር 500 ጊዜ የሚያካፍለው?

ደረጃ 5፦ ከመሃል ጀምሩ

ይህን ዘዴ የምናገኘው ከፈረንሳዊው ፒየር ደ ፌርማ ነው፣ በ1643 ገደማ በጻፈው ደብዳቤ ላይ አለ። ፌርማ በሙያው የሕግ ሰው ነበር፣ ሂሳቡን ለራሱ ደስታ ነው የሚሰራው።

ሐሳቡ ቀላል ነው። 91ን እንውሰድ፣ 7×13 ነው። የ7ና የ13 መሃል 10 ነው፣ ሁለቱም ከመሃሉ በ3 ይርቃሉ። አሁን 10×10 ሲቀነስ 3×3ን ስሩ፣ 100−9=91። ሁልጊዜም እንዲህ ነው፤ የሁለት ኢተጋማሽ ቁጥሮች ብዜት የመሃላቸው ስኩዌር ሲቀነስ የርቀታቸው ስኩዌር ነው። ስለዚህ ወደ ኋላ መሄድ እንችላለን። መሃሉን እንገምታለን፣ ስኩዌሩን እንሰራለን፣ ቁጥራችንን እንቀንሳለን፣ የቀረው ራሱ ስኩዌር ከሆነ ጨረስን።

ደረጃ 1 ላይ ያዟት ያልኳችሁ እዚህ ጋ ትመጣለች። ይህን ዘዴ 1,234,567,890 ላይ በቀጥታ ብትሞክሩ እስከ ነገ ብትሰሩ አይመጣላችሁም፣ ምክንያቱም የሁለት ስኩዌሮች ልዩነት አይደለም። ያችን 2 ማራገፍ ግዴታ ነው። ሌሎቹን ማራገፉ ስራ ያቀልላል።

እንጀምር። ስኩዌር ሩቱ 3,703.7 ነበር፣ ወደ ላይ አጠጋጉት፣ 3,704።

3,704×3,704=13,719,616። ከዚህ 13,717,421 ሲቀነስ 2,195። ስኩዌር ነው? ካልኩሌተር አትንኩ። በ5 የሚያልቅ ስኩዌር ሁልጊዜ በ25 ነው የሚያልቅ፣ ይህ በ95 አለቀ። አይደለም።

3,705×3,705=13,727,025። ሲቀነስ 9,604።

9,604 ደግሞ 98×98 ነው።

አለቀ። 3,705−98=3,607 እና 3,705+98=3,803። አባዟቸው፣ 3,607×3,803=13,717,421። ከ500 በላይ ማካፈል ይጠይቃል ያልነው በሁለት ሙከራ ተፈታ። ከታች ጀምራችሁ ቢሆን ኖሮ 3,607 ጋ የምትደርሱት በ504ኛው ብቸኛ ቁጥር ነበር።

ያንን የመጨረሻ አሃዝ ዘዴ ልመዱት፣ ብዙ ድካም ያድናል። የትኛውም ስኩዌር በ2፣ በ3፣ በ7 ወይም በ8 አያልቅም። በ5 ካለቀ በ25 ነው። በ0 ካለቀ በ00 ነው። በ6 ካለቀ ከፊቱ ያለው አሃዝ ኢተጋማሽ ነው፤ በ1፣ በ4 ወይም በ9 ካለቀ ደግሞ ተጋማሽ ነው። በዚህ ብቻ አብዛኞቹን ሙከራዎች በዓይን ትጥላላችሁ።

ይህ ዘዴ መቼ ነው የሚከዳችሁ?

ሁለቱ አካፋዮች ሲራራቁ። የኛዎቹ በ196 ብቻ ነው የሚራራቁት፣ ለዚህ ነው ቶሎ የወጡት። ተቃራኒውን ለማየት የራሱን የፌርማን ቁጥር እንይ። 2ን 32 ጊዜ አባዝታችሁ 1 ብትጨምሩ 4,294,967,297 ታገኛላችሁ። ፌርማ ይህ ብቸኛ ቁጥር ነው ብሎ ያምን ነበር። በ1732 የሂሳብ ሊቁ ሊዮንሃርድ ኦይለር 641×6,700,417 መሆኑን አሳየ። አሁን የፌርማን ዘዴ በፌርማ ቁጥር ላይ ብትሞክሩ የሁለቱ መሃል 3,350,529 ነው፣ እናንተ የምትጀምሩት ደግሞ ከ65,537 ነው። ከ3 ሚሊዮን በላይ ሙከራ ማለት ነው! በተራው ማካፈል ግን 641 116ኛው ብቸኛ ቁጥር ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብሎ የሚያልቅ ስራ ነው። ኦይለር ይህንንም አሳጥሮታል፦ አካፋዩ በ64 ሲካፈል የግድ 1 መትረፍ እንዳለበት አረጋገጠ፣ ከዚያ የሚሞከሩት 193፣ 257፣ 449፣ 577ና 641 ብቻ ሆኑ። አምስተኛው ላይ አገኘ።

ስለዚህ እኔ የምመክረው መፈራረቅ ነው። እስከ 100 ድረስ ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች አካፍሉ፣ ካልወጣ አስር ያህል ጊዜ በፌርማ መንገድ ሞክሩ፣ ከዚያም ካልወጣ ወደ ኮምፒውተር ሂዱ። ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ «ፋክተር» የሚባል ትእዛዝ አለ፣ አስር አሃዝ ለእሱ ምንም አይደለም።

የመቀራረብ ጉዳይ የወረቀት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1977 ሪቬስት፣ ሻሚርና አድልማን ይፋ ያደረጉት አርኤስኤ የሚባለው የምስጢር አጻጻፍ የቆመው ሁለት ግዙፍ ብቸኛ ቁጥሮችን አባዝቶ ብዜቱን ለዓለም በመስጠት ነው። ብዜቱን መበተን ከባድ እስከሆነ ድረስ ምስጢሩ ይጠበቃል። በየካቲት 2020 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 250 አሃዝ ያለው የአርኤስኤ ቁጥር ተበትኗል፣ ብዙ ኮምፒውተሮችን ያስለፋ ስራ ነበር። ግን ሁለቱ ብቸኛ ቁጥሮች ተቀራርበው ከተመረጡ የቁጥሩ ግዝፈት አያድንም፣ እኛ አሁን ባደረግነው መንገድ ይፈርሳል። በ2022 ሃኖ ቦክ የተባለ የደኅንነት ተመራማሪ አንዳንድ ፕሪንተሮች የሚያመነጩት ቁልፍ በትክክል ይህ ጉድለት እንዳለበት አሳይቷል። ወደ 380 ዓመት የሆነው ዘዴ!

ደረጃ 6፦ የወጡት በእርግጥ ብቸኛ ናቸው?

3,607ና 3,803 ራሳቸው ይበተኑ ይሆናል። ይህን ደረጃ የሚዘለው ሰው ብዙ ነው፣ አትዝለሉት። 61×61=3,721 ስለሆነ ለ3,607 እስከ 59 መሞከር ይበቃል፣ ለ3,803 እስከ 61። ግን 7፣ 11፣ 13ና 37ን ትልቁ ቁጥር ላይ ጥለናቸዋል፣ ትልቁን የማያካፍል ቁራጩንም አያካፍልም። 2፣ 3ና 5ም ተራግፈዋል። የቀሩት 17፣ 19፣ 23፣ 29፣ 31፣ 41፣ 43፣ 47፣ 53ና 59 ናቸው፣ ለ3,803 ደግሞ 61 ይጨመራል። 21 ትንንሽ ማካፈል፣ አስር ደቂቃ አይፈጅም። ሁሉም ቀሪ ያወጣሉ። 17ና 53 ለጥቂት ነው የሳቱት፦ 3,604=4×17×53 ስለሆነ 3,607ን ሲያካፍሉ ሁለቱም 3 ያስተርፋሉ።

እንግዲህ ሙሉ መልሱ፦ 1,234,567,890=2×3×3×5×3,607×3,803።

ደረጃ 7፦ ከዚህ ምን ይነበባል?

ቁጥሩ ከተበተነ በኋላ ሌላው ሁሉ ማባዛት ብቻ ነው።

ስንት አካፋይ አለው? 2 ይገባል ወይ አይገባም፣ ሁለት ምርጫ። 3 አንዴም አይገባም፣ አንዴ ይገባል፣ ሁለቴ ይገባል፣ ሦስት ምርጫ። ሌሎቹ ሁለት ሁለት። 2×3×2×2×2=48 አካፋዮች።

የአካፋዮቹ ድምርስ? ለ2 1+2=3፣ ለ3 1+3+9=13፣ ለ5 6፣ ከዚያ 3,608ና 3,804። ሲባዙ 3,211,610,688። ከዚህ ቁጥሩን ራሱን ስንቀንስ 1,977,042,798 ይቀራል፣ ከቁጥሩ ይበልጣል። እንዲህ ዓይነቱ ቁጥር ትርፍ ቁጥር ይባላል። እንዲያውም ማስላት አያስፈልግም ነበር፤ ከ6 የሚበልጥ ማንኛውም የ6 ብዜት ትርፍ ነው።

ከ1 እስከ 1,234,567,890 ካሉት ውስጥ ከእሱ ጋር ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የሌላቸው ስንት ናቸው? 1×6×4×3,606×3,802=329,040,288። ከሩብ ትንሽ ከፍ ይላል። አርኤስኤ ውስጥ የሚደበቀው ቁጥር የሚሰላውም በዚሁ ዓይነት ስሌት ነው፣ ብቸኛ ቁጥሮቹን ሳያውቁ ማስላቱ ከባድ ስለሆነ።

የሁለት ስኩዌሮች ድምር ሊሆን ይችላል? አይችልም። በ4 ሲካፈሉ 3 የሚተርፋቸው ብቸኛ ቁጥሮች በጥንድ ካልመጡ አይሆንም፣ 3,607ም 3,803ም 3 ይተርፋቸዋል፣ ሁለቱም ነጠላ ናቸው። የሦስት ስኩዌሮች ድምር ግን ይሆናል፤ በ4 የማይካፈል ቁጥር የሚከለከለው በ8 ሲካፈል 7 ከተረፈው ብቻ ነው፣ የኛው 2 ነው የሚተርፈው።

ደረጃ 8፦ ኮምፒውተሩ እንዴት ያየዋል?

ይህን በአጭሩ። በባይነሪ፣ ማለትም በ0ና በ1 ብቻ፣ ሲጻፍ 1001001100101100000001011010010 ነው፣ 31 አሃዝ፣ አስራ ሁለቱ 1። ብዙ ኮምፒውተሮች ጊዜን የሚቆጥሩት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ባለፉት ሰከንዶች ነው፣ ቆጣሪውም በትክክል 1,234,567,890 ላይ የደረሰው በኛ አቆጣጠር የካቲት 7 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ31 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ላይ ነበር። በ32 ቢት (በ32 የባይነሪ አሃዝ) የሚሰሩት አሮጌ ቆጣሪዎች ደግሞ 2,147,483,647 ላይ ይሞላሉ። እሱ ብቸኛ ቁጥር ነው፣ በ1772 ኦይለር አረጋግጦታል። የሚሞሉትም ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ነው፣ በጥምቀት ጠዋት።

አሁን ለብቻችሁ ሞክሩ። ፌርማ ዘዴውን ያሳየበት የራሱ ምሳሌ 2,027,651,281 ነው። ስኩዌር ሩቱ 45,029.4 አካባቢ ስለሆነ ከ45,030 ጀምሩ። በመጨረሻ አሃዞቹ አብዛኞቹን ትጥላላችሁ። አስራ ሁለተኛው ሙከራ ላይ፣ 45,041 ስትደርሱ፣ የሚቀረው 1,040,400 ይሆናል። የእሱን ስኩዌር ሩት ያለ ካልኩሌተር ማግኘት ትችላላችሁ።